ስም ያልወጣለት ልጅ፦ ስለ «ፍራንከንስታይን» ገጸ ባሕርያትና ዘመን

ጥያቄ፦ «የሦስተኛ ዓመት የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። ‹ፍራንከንስታይን›ን አንብበን ስለ ገጸ ባሕርያቱና ስለተጻፈበት ዘመን እንድንጽፍ ታዘናል። ፊልሙን አይቼ ስለነበር ቀላል መስሎኝ ነበር፤ መጽሐፉን ስከፍተው ግን ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት። በመብረቅ ሕይወት የሚዘራ ዶክተር የለም፤ ጭራቁም እንደ ፈላስፋ ይናገራል። ለመሆኑ ጥፋተኛው ማን ነው፣ ሠሪው ወይስ የተሠራው? የ18 ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ ከየት አመጣችው? የዘመኑስ ታሪክ ከልብ ወለዱ ጋር በምን ይገናኛል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ ሦስት ቢመስልም ለእኔ አንድ ነው። መልሱም መጽሐፉ ውስጥ አንዲት ገጽ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ከዘመኑም ከደራሲዋ ከሜሪ ሼሊም በፊት ወደዚያች ገጽ ልውሰድሽ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የኖቬምበር ሌሊት ነው፤ ሰዓቱ ከሌሊቱ ሰባት። ዝናቡ የመስኮቱን መስታወት ይመታል፤ ሻማው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። በዚያ ብርሃን ቪክተር ፍራንከንስታይን የተባለ ወጣት ተማሪ ሁለት ዓመት ገደማ የለፋበት ሥራ ዓይኑን ሲገልጥ ያያል። ደብዛዛ ቢጫ ዓይን ነው። ፍጡሩ በኃይል ተነፈሰ፤ እጅ እግሩም ተንቀጠቀጠ። ቪክተር ያን ጊዜ ምን አደረገ? ጥሎት ወጣ። መኝታ ቤቱ ገብቶ ልብሱን እንደለበሰ አልጋው ላይ ተጣለ። ክፉ ሕልም አይቶ ሲባንን ያ የሠራው ፍጡር የአልጋውን መጋረጃ ገልጦ ቆሞ ያየዋል። መንጋጋው ይከፈታል፤ ያልተለየ ድምፅ ያሰማል፤ ጉንጩ በፈገግታ ተጨማዷል። አንድ እጁንም ዘርግቷል። ቪክተር እጁ ሊይዘኝ ነው ብሎ አመለጠና ደረጃውን በሩጫ ወረደ።

አሁን ቪክተር የተሰማውን ትተሽ ያየውን ብቻ አስቢ። ከተወለደ ገና ሰዓታት የሆነው፣ ቃል የማያውቅ፣ እየተንተባተበ ፈገግ የሚል፣ እጁን ወደ ወላጁ የሚዘረጋ። ይህ ሕፃን ነው። ቁመቱ ስምንት ጫማ ስለሆነ ሕፃንነቱ አይቀርም። የሚፈሰው ደም ሁሉ የሚመጣው ይህች እጅ ባዶዋን በመቅረቷ ነው። ዘመኑም ሆነ የደራሲዋ ሕይወት ወደ ልብ ወለዱ የሚገቡት በዚህችው በር ነው።

«ጭራቁ» ብለሽ ጽፈሻል። ሁላችንም እንዲያ ነው የምንለው፤ እኔም ክፍል ውስጥ ለዓመታት እንዲያ ስል ኖሬ የተውኩት አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ግን እኮ ሰው አይበላም» ካለኝ ወዲህ ነው። ልክ ነበር። በእኛ ተረት ጭራቅ ሰው በላ ነው። ይህኛው ግን ቪክተርን በበረዶ ተራራው ላይ ሲያነጋግረው ሆዱን ለመሙላት ጠቦትና ግልገል እንደማያርድ፣ የዛፍ ፍሬና የዱር እንጆሪ እንደሚበቃው ይነግረዋል። የሚገርመው ደግሞ «ጭራቅ» የሚለው ቃላችን ልክ የሚገባበት አንድ ቦታ መኖሩ ነው። የቪክተር ታናሽ ወንድም ዊልያም፣ ያ ትንሽ ልጅ፣ ፍጡሩ ሲይዘው «ጭራቅ ነህ፤ ልትበላኝ ነው፤ ልትዘነጣጥለኝ ነው፤ ልቀቀኝ አለዚያ ለአባዬ እነግራለሁ» እያለ ይጮኻል። ስለዚህ ጭራቅነት ከፍጡሩ ጋር የተወለደ ነገር አይደለም፤ ሰዎች ሲያዩት የሚለጥፉበት ስም ነው። በጽሑፍሽ ውስጥ «ፍጡሩ» ብትዪው ፍርዱን ከመነሻው ሳትሰጪ ትመረምሪዋለሽ።

የራሱ ስም ግን የለውም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ማንም ስም አያወጣለትም። ፍራንከንስታይን የአባቱ ስም ነው። ይህን ጉድለት ደራሲዋ ሆን ብላ እንደተወችው የምታውቂበት ውብ ቦታ አለ። ፍጡሩ ጫካ ውስጥ ካለች የድሆች ጎጆ ጋር በተጣበቀች ዝቅተኛ መጠለያ ተሸሽጎ፣ በግድግዳው ስንጥቅ እያየ ቋንቋ ይማራል። መጀመሪያ የያዛቸው ቃላት እሳት፣ ወተት፣ ዳቦ፣ እንጨት ናቸው። ቀጥሎ የሰዎቹን ስም ያጠናል። ልጅቷ አጋታም እህትም ትባላለች፤ ወጣቱ ፌሊክስም ወንድምም ልጅም ይባላል። ሽማግሌው ግን አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፤ «አባት»። ለእነሱ ሁለት ሦስት ስም ተትረፍርፏል። ስንጥቁ ላይ ዓይኑን ያስጠጋው ግን አንድም የለውም፤ አባት ብሎ የሚጠራውም የለም።

እዚህ ክፍል ላይ ቆዪ ብዬ እመክርሻለሁ፤ ተማሪዎች ሲቸኩሉ የሚዘሉት የመጽሐፉን ልብ ነው። ፍጡሩ የመጀመሪያ ትዝታውን ሲተርክ ጨለማ ነበር፣ በረደኝ፣ ምንም መለየት አልቻልኩም፣ ከየአቅጣጫው ሕመም ሲሰማኝ ተቀምጬ አለቀስኩ ይላል። ጨረቃ ስትወጣ በመገረም ያያታል። ለማኞች ትተውት የሄዱትን እሳት አግኝቶ ሙቀቱ ደስ ሲለው እጁን ፍሙ ውስጥ ይከታል፤ ይጮኻል። አንድ ነገር ደስታም ሕመምም መስጠቱ ይደንቀዋል። የልብ ወለዱ ሁለተኛ ርእስ «ዘመናዊው ፕሮሚቴየስ» ነው፤ ፕሮሚቴየስ በግሪኮቹ ተረት ከአማልክት እሳት የሰረቀ፣ በሌላ አተራረክም ሰውን ከጭቃ የሠራ ነው። ሜሪ ሼሊ ያን ታላቅ ተረት ወስዳ እጁን ያቃጠለ ሕፃን አድርጋ አወረደችው። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር የደራሲነቷ ነገር ይገርመኛል።

ከዚያ ለእነዚያ ድሆች በሌሊት እንጨት ይለቅምላቸዋል። ምግባቸውን መስረቁ እንደሚጎዳቸው ሲገባው ይተዋል። ወድቆ ያገኛቸውን ሦስት መጻሕፍት ያነባል፤ የሚልተንን የአዳምና የሰይጣን ቅኔ፣ የፕሉታርክን የታላላቅ ሰዎች ታሪክ፣ የጎተን የወጣቱን ቬርተር ሐዘን። በሚልተን ውስጥ ራሱን ይፈልጋል፤ አዳም ልሁን ቢል አዳም የሚጠብቀው ፈጣሪ አለው፤ ሰይጣን ልሁን ቢል ሰይጣን እንኳ የሚያደንቁት ባልንጀሮች አሉት። በመጨረሻ ድፍረት አግኝቶ ዓይነ ስውሩን ሽማግሌ ብቻውን ሲሆን ጠብቆ ያነጋግረዋል። ሽማግሌው አያይምና ድምፁን ብቻ ሰምቶ በርኅራኄ ይቀበለዋል። ልጆቹ ሲመለሱ አጋታ ራሷን ትስታለች፤ ፌሊክስ በዱላ ይደበድበዋል። ፍጡሩ ሊዘነጣጥለው ይችል ነበር፤ እጁን አላነሳም። ቀጥሎም ወንዝ ውስጥ የገባች ልጅ አውጥቶ ሲያድን በጥይት ይመታል። ዊልያምን ያገኘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያሰበውም ልጅ ስለሆነ ገና መጥላት አልተማረም፤ ወስጄ ጓደኛዬ አድርጌ ላሳድገው የሚል ነበር። ልጁ ግን ጭራቅ አለው፤ የአባቱንም ስም ጠራ። ያ ስም የሸሸው ሰው ስም ነበር። አነቀው።

የዊልያም መገደያ ቦታ በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስለኝም። ፕሌንፓሌ ይባላል፤ ከጄኔቫ ከተማ ቅጥር ውጭ ያለ ሜዳ ነው። ሜሪ ሼሊ በ1816 ጄኔቫ በነበረች ጊዜ በጻፈችው ደብዳቤ ውስጥ እዚያ ለዣን ዣክ ሩሶ የቆመ ሐውልት እንዳለ ጠቅሳለች። ሩሶ የጄኔቫ ልጅ ነው። ሰው ሲፈጠር ደግ ነው፣ የሚያበላሸው ማኅበረሰቡ ነው የሚለው ሐሳብ የእሱ ነው፤ ፍጡሩም «ደግ ነበርኩ፤ መከራ ሰይጣን አደረገኝ» ሲል የሚናገረው በሩሶ ቋንቋ ነው። ሩሶ በ1762 ስለ ሕፃን አስተዳደግ አውሮፓን ያናወጠ መጽሐፍ አወጣ። ይኸው ሰው አብራው ከምትኖር ሴት የወለዳቸውን አምስት ልጆች አንድ በአንድ ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ሰጥቷል። ሜሪ ሼሊ ይህን ታውቅ ነበር፤ በኋላም ስለ ፈረንሳይ ጸሐፍት ሕይወት ስትጽፍ በዚህ ምክንያት ክፉኛ ወቅሳዋለች። እንግዲህ ስለ ልጅ አስተዳደግ ያስተማረው፣ ልጆቹን ግን የጣለው ሰው በሚታወስበት ሜዳ ላይ፣ አባቱ የጣለው ፍጡር አንድ ሕፃን ገደለ። ስለ ዘመኑ ስትጽፊ ከዚህ ብትጀምሪ የፈረንሳይ አብዮት፣ የሩሶ ፍልስፍናና የልብ ወለዱ ሴራ ሳይነጣጠሉ አብረው ይመጡልሻል።

ወደ ደራሲዋ ልምጣ። ሜሪ በኦገስት 30 ቀን 1797 ለንደን ተወለደች። እናቷ ሜሪ ዎልስተንክራፍት በ1792 የሴቶችን መብት የሚሞግት ዝነኛ መጽሐፍ የጻፈች ናት፤ አባቷ ዊልያም ጎድዊን የፖለቲካ ፈላስፋና ልብ ወለድ ደራሲ ነበር። እናትየው በወሊድ ትኩሳት ታመመችና ሴፕቴምበር 10 ሞተች። ልጅቷ አሥራ አንድ ቀኗ ነበር። መወለዷ እናቷን እንደገደለ እያወቀች ያደገች ልጅ ናት። ጎድዊን ሌላ ሚስት አገባና ሜሪ በእንጀራ እናት እጅ አደገች። በጁላይ 1814፣ ገና 16 ዓመቷ ሳለ፣ ሚስት ካለው ገጣሚ ከፐርሲ ሼሊ ጋር ኮበለለች። ጋብቻን በብዕሩ የነቀፈው አባቷ ልጁ ያንን ስትኖረው ጊዜ ፊቱን አዞረባት። በፌብሩዋሪ 1815 ሴት ልጅ ያለ ጊዜዋ ተወለደች፤ ሁለት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳትቆይ ሞተች። ይህችም ልጅ ስም አልወጣላትም። በማርች 19 ሜሪ ማስታወሻዋ ላይ ሕልሟን ጻፈች፤ ሕፃኗ ዳግም ሕያው ሆና፣ ለካ በርዷት ብቻ ነበር፣ እሳት ዳር ይዘን አሸናት፣ ነፍስ ዘራች። ነቅታ ስታይ ሕፃን የለም።

«የ18 ዓመት ልጅ ከየት አመጣችው» ላልሽው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። በድን ሥጋ ነፍስ ሲዘራ ማየትን በሙቀትና በናፍቆት አልማዋለች። መጽሐፉን ስትጀምር ጃንዋሪ 1816 የተወለደው ወንድ ልጅ በእቅፏ ነበር። ስሙ ዊልያም ነው። እንግዲህ በልብ ወለዱ የምታስገድለውን ሕፃን በልጇ ስም ጠራችው። የአባቷም ስም ይኸው ነው። ይህን ለምን እንዳደረገች የተለያዩ ተንታኞች የተለያየ ይላሉ፤ እኔ የፍርሃት ጽሑፍ ነው ብዬ ነው የማነበው፤ አንዴ የቀበረች እናት ዳግመኛ እንዳይደርስባት የምትፈራውን በወረቀት ላይ አስቀድማ አየችው። እውነተኛው ዊልያምም በ1819 ሮም ውስጥ በሦስት ዓመቱ ሞተ።

የ1816 ታሪክ በብዙ ቦታ ስለሚገኝ አላስረዝመውም። በኤፕሪል 1815 ዛሬ ኢንዶኔዥያ በሚባለው አገር የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ አመዱና ጋዙ ሰማዩን ሸፍኖ በቀጣዩ ዓመት አውሮፓ በጋ አጣች። እህል በማሳ ላይ በሰበሰ፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ ረኃብ ገባ። ሜሪ፣ ፐርሲ፣ የእንጀራ እናቷ ልጅ ክሌር፣ ገጣሚው ሎርድ ባይረንና ሐኪሙ ፖሊዶሪ ጄኔቫ ሐይቅ ዳር ነበሩ። ዝናቡ ቤት ዘጋባቸው፤ የጀርመን የሙታን መናፍስት ታሪኮችን በፈረንሳይኛ ትርጉም እያነበቡ ሳለ ባይረን ሁላችንም አንድ አንድ እንጻፍ አለ። ባይረን ጀምሮ ከተወው ቁራጭ ተነሥቶ ፖሊዶሪ በ1819 የታተመውን የቫምፓየር ታሪክ ጻፈ፤ ከሜሪ ደግሞ ይህ ወጣ። በመጽሐፉ ውስጥ በመብረቅ ብልጭታ ፍጡሩ ተራራ ሲወጣ የሚታይበት ማዕበል ከዚያ ሐይቅ ላይ የተቀዳ ነው። ፊልሙ መብረቁን ወስዶ መፍጠሪያ አደረገው። በመጽሐፉ ግን ቪክተር «የሕይወት ብልጭታ» ከማለት አልፎ እንዴት እንደሠራው አይነግረንም፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው ብሎ ይደብቀዋል።

ሳይንሱ ግን ከባዶ አልተፈለሰፈም። ጣሊያናዊው ጋልቫኒ የሞተ እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ሲንፈራገጥ ማየቱን በ1791 አሳተመ። የእህቱ ልጅ አልዲኒ በጃንዋሪ 1803 ለንደን መጥቶ በስቅላት በተቀጣ ጆርጅ ፎርስተር በተባለ ሰው አስከሬን ላይ ሞከረው፤ የሬሳው መንጋጋ ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ዓይኑ ተገለጠ፣ እጁም ተነሥቶ ተጨበጠ። መንጋጋ፣ ዓይን፣ እጅ። የኖቬምበሯን ሌሊት መለስ ብለሽ እያት። በሕጉ መሠረት የነፍሰ ገዳዮች አስከሬን ለቀዶ ጥገና ተማሪዎች ይሰጥ ነበር፤ አይበቃም ነበርና ሬሳ ከመቃብር እያወጡ የሚሸጡ ሰዎች በለንደን ሞልተው ነበር። ቪክተር ከመቃብርና ከቄራ የአካል ክፍል ሲለቅም አንባቢዎቹ የሰፈራቸውን መቃብር ያስቡ ነበር። ሌላም ለሜሪ የቀረበ ነገር አለ። በ1800 ዊልያም ኒኮልሰንና አንቶኒ ካርላይል የተባሉ ሰዎች ውኃን በኤሌክትሪክ ወደ ጋዝ ከፋፈሉ። ኒኮልሰን የአባቷ ወዳጅ ነበር፤ ካርላይል ደግሞ እናቷ ስትሞት አልጋዋ አጠገብ ከነበሩት ሐኪሞች አንዱ ነው። ሳይንስና የእናት ሞት ለእሷ የአንድ ቤት ወሬ ነበሩ።

ስለ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት። ቪክተር ዶክተርም ባሮንም አይደለም፤ በጀርመን ኢንጎልሽታት ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ በፍቅር ያደገ የጄኔቫ ልጅ ነው። ይህን አስምሪበት፤ አባትነት ምን እንደሆነ ያላየ ሰው አይደለም። የቪክተር ትልቁ ኃጢአት ግን ለእኔ መፍጠሩ ሳይሆን ዝምታው ነው። የቤቱ ሠራተኛ ጀስቲን ዊልያምን ገድለሻል ተብላ ስትከሰስ እውነተኛውን ያውቃል፤ ብናገር እብድ ይሉኛል ብሎ ዝም ይላል። እሷ ተሰቀለች። በዚያ ፍርድ ውስጥ የሚያስደነግጥ አንድ ቃል አለ። ንስሐ አባቷ ካላመንሽ ሲኦል ትገቢያለሽ እያለ ሲያስጨንቃት ያላደረገችውን አመነች፤ በኋላም እሱ የሚለኝ ጭራቅ መሆኔን ራሴም ላምን ትንሽ ቀርቶኝ ነበር ትላለች። ከስቅላቱ በኋላ ደግሞ ኤልዛቤት፣ የቪክተር እጮኛ፣ አሁን ሰዎች ሁሉ አንዱ የሌላውን ደም የተጠሙ ጭራቆች ሆነው ይታዩኛል ትላለች። ተመልከች፤ ያ ቃል ከፍጡሩ ወርዶ በንጹሕ ሴት ላይ፣ ከእሷም ወርዶ በፈራጆቹ ላይ አረፈ። ኤልዛቤትን ብዙዎች ደካማ ገጸ ባሕርይ ይሏታል፤ እኔ በዚህች አንድ ንግግሯ ምክንያት አልስማማም።

ሄንሪ ክለርቫል የቪክተር ወዳጅ ነው፤ ቪክተር ሊሆን ይችል የነበረውን ደግ ሰው ያሳያል፤ በዚህ እንለፈው። ሳፊ ከእሱ የበለጠ ትኩረት ይገባታል። የቱርክ ነጋዴ ልጅ ናት፤ እናቷ ቱርኮች በባርነት የያዟት ክርስቲያን ዐረብ ነበረች። ፍጡሩ ቋንቋና ታሪክ የተማረው ፌሊክስ ለእሷ ሲያስተምር ነው። የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች የደረሰባቸውን ሲሰሙ ሁለቱም፣ እሷ ቤት ውስጥ እሱ ከግድግዳው ወዲያ፣ አለቀሱ። ሁለቱም ባዕዳን ናቸው፤ እሷን ቤቱ ተቀበላት፣ እሱን በዱላ አባረረው።

ዋልተንን አትርሺው። መጽሐፉ የሚጀምረውም የሚያልቀውም በእሱ ደብዳቤዎች ነው፤ የሰሜን ዋልታን ለማግኘት የወጣ መርከበኛ። መጽሐፉ በወጣበት በ1818 የብሪታንያ ባሕር ኃይል መርከቦችን ወደዚያው አቅጣጫ ልኳልና አንባቢው ጉዳዩን ከጋዜጣ ያውቀዋል። ደብዳቤዎቹ የተላኩት ለእህቱ ማርጋሬት ዋልተን ሳቪል ነው። የስሟን መነሻ ፊደላት በእንግሊዝኛ ብትጽፊያቸው ከሜሪ ዎልስተንክራፍት ሼሊ ጋር አንድ ናቸው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ዲሴምበር 11፣ የመጨረሻው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ዘጠኝ ወር ከአንድ ቀን። ይህ የእርግዝና ጊዜ መሆኑን ያስተዋሉ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው። ዋልተን ከቪክተር የሚለየው ባልደረቦቹ እንሞታለን፣ እንመለስ ሲሉት መስማቱ ነው። ቅር እያለው ተመለሰ። ቪክተር ግን ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ እንኳ መርከበኞቹን ወደፊት ሂዱ እያለ ይገሥጻል፤ ያለፈውንም ሲመረምር የሚያስወቅሰኝ አላገኘሁም ይላል።

ይህ «የጎቲክ» ልብ ወለድ የሚባለው ለምንድን ነው ብለው ፈታኞች ይጠይቃሉና አንድ ነገር ልጨምር። ዘውጉ በ1764 በሆራስ ዋልፖል «የኦትራንቶ ቤተ መንግሥት» ጀመረ፤ የፈረሰ ግንብ፣ የሚያሳድድ ሙት፣ የተቆለፈች ሴት። ሜሪ ሼሊ ግንቡን ትታ የተማሪ ክፍል፣ መንፈሱን ትታ የላቦራቶሪ ሥራ አስገባች። ፍርሃቱ ግን ያው ነው፤ የቀበርነው ተነሥቶ በራችንን ያንኳኳል።

ከጥፋቱ ጥያቄ አልሸሽም። ፍጡሩ ንጹሕ አይደለም። ሕፃን ገድሏል፤ በጀስቲን ኪስ ማስረጃ የከተተው አውቆ ነው፤ ክለርቫልንና ኤልዛቤትን የገደለው አቅዶ ነው። በመጨረሻው ገጽ ራሱም ይህን አይክድም፤ በራሱ ላይ የሚፈርደው ፍርድ ቪክተር በራሱ ላይ ከፈረደው የከበደ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ጥፋት የቪክተር ነው፤ ያውም በመፍጠሩ ሳይሆን ጥሎ በመሄዱ። «የእግዚአብሔርን ሥራ ልሥራ ስላለ ተቀጣ» የሚለውን መልስ ክፍል ውስጥ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ያ ንባብ የበረታው በ1823 ለንደን ላይ በታየው ቲያትር ነው፤ ርእሱ ራሱ «ድፍረት» የሚል ነበር። በ1818ቱ መጽሐፍ ፍጡሩ ተራራው ላይ ቪክተርን የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ አንተ ግዴታህን ተወጣልኝ፣ እኔም የእኔን እወጣለሁ። የሚለምነው አንድ ወዳጅ ነው፤ እሱን የምትመስል ሴት። ቪክተር ሠርቶ ሊጨርሳት ሲል በስኮትላንድ ደሴት ላይ እያየው ቆራርጦ ጣላት።

ያ ቲያትር አንድ መልካም ነገር አድርጓል። በማስታወቂያ ወረቀቱ ላይ ከተዋናዩ ስም ትይዩ የፍጡሩ ስም በሚገባበት ቦታ ሰረዝ ብቻ ተጻፈ። ሜሪ ኦገስት 1823 ሄዳ አይታው ስም የለሹን እንዲህ መጥራት ደኅና መላ ነው ብላ በደብዳቤዋ አመስግናለች። በ1931ዱ ፊልም መግቢያም በቦታው የጥያቄ ምልክት ነበር። የአባትየው ስም በልጁ ላይ የተለጠፈው በሕዝብ አፍ ነው።

ፖለቲካውን ለማሳየት አንዲት ቀን ትበቃሻለች፤ ማርች 16 ቀን 1824። የብሪታንያ ፓርላማ ስለ ካሪቢያን ባሮች ይከራከራል። የባሪያ ንግድ በ1807 ቢታገድም ባርነቱ ገና አልቆመም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆርጅ ካኒንግ ተነሥቶ ጥቁሮችን ባንዴ ነጻ ማውጣት በቅርቡ እንደወጣው ልብ ወለድ የጎልማሳ ጉልበትና የሕፃን አእምሮ ያለው ፍጡር መልቀቅ ነው አለ። የመጽሐፉን ርእስ አልጠራም፤ ሁሉም ገባው። እኔን የሚያሳዝነኝ ካኒንግ መጽሐፉን ገልብጦ ማንበቡ ነው። በመጽሐፉ ፍጡሩ አደገኛ የሆነው ስለተለቀቀ አይደለም፤ የሰውነት ድርሻውን ስለከለከሉት ነው። ሰዎች ዘመኑንና ልብ ወለዱን ሲያገናኙ እንዴት እንደሚስቱ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አታገኚም።

በመጨረሻ ስለ እትሙ፣ ምክንያቱም ውጤትሽን ይነካል። መጽሐፉ ጃንዋሪ 1 ቀን 1818 ያለ ደራሲ ስም በ500 ቅጂ ታተመ። ለጎድዊን የተበረከተ ስለነበርና መግቢያውንም ፐርሲ ስለጻፈው ዋልተር ስኮትን ጨምሮ ብዙዎች የፐርሲ ሥራ መሰላቸው። የእሷ ስም የወጣበት በ1823 ነው። በ1831 ራሷ አሻሽላ ዳግም አሳተመችው። እስከዚያ ሦስት ልጆች ቀብራለች፤ ፐርሲም በ1822 ጣሊያን ባሕር ውስጥ ሰጥሞ ሞቷል፤ በዚህኛው እትም ቪክተር ከመረጠው ይልቅ ዕጣ ፈንታ የጎተተው ሰው ሆኖ ይታያል። እጅሽ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ኤልዛቤትን ፈልጊ። የቪክተር አባት የእህቱ ልጅ ከሆነች የ1818 ነው፤ ጣሊያን ውስጥ ከድሃ ገበሬዎች ቤት የተወሰደች ወላጅ አልባ ከሆነች የ1831። ከቻልሽ በመጀመሪያው ጻፊ፤ ጥፋቱ እዚያ በቪክተር ትከሻ ላይ ይበልጥ ይከብዳል። የኖቬምበሯን ሌሊት በ1818ቱ የመጀመሪያ ቅጽ አራተኛ ምዕራፍ ላይ፣ በ1831ዱ አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ታገኛታለሽ።